ሁለት ስልክ ያስታረቁት ጋሽ ሁሴኖ

እንደምን ዋላችሁ! ማይኩ ይሰማል? ከኋላ፣ ሹፌሮቹ ጋ ይሰማል? እሺ። ካልተሰማም እጮኻለሁ፤ ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ጋሽ ሁሴኖን ለጡረታ መሸኘቱም ከብዶኛል፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ማይክ ያለ አይመስለኝም።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ መቅደላዊት እባላለሁ። የምታውቁኝማ «ደግሞ ይቺ ማይክ ያዘች!» እያላችሁ ነው፤ ይታየኛል። በገበሬዎች ዩኒየናችን የዘር ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ከጋሽ ሁሴኖ ጠረጴዛ ቀጥሎ ያለው ጠረጴዛ የኔ ነው። ንግግሩን ስቀበል «አጭር ይሁን» ተብዬ ነበር። ጋሽ ሁሴኖን በአጭሩ መሸኘት የፈለገ ሰው ሲጀመር አጭር ሰላምታ የሚሰጥ ሠራተኛ መቅጠር ነበረበት።

እዚህ ግቢ የገቡበትን የመጀመሪያ ቀን እኔ አላየሁም፤ ያኔ ሁሩታ ገመድ የምዘል ልጅ ነበርኩ። ያየችው እትዬ አሰፋሽ ናት፣ የመጋዘናችን ኃላፊ። ያቻት፣ ከፊት ተቀምጣ «እንዳትናገሪ» እያለች በዓይኗ የምታስፈራራኝ። እናገራለሁ እትዬ! ጡረታ የሚወጡት እሳቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም፤ ነገ ታገኚኛለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ሁሴኖ በታይፕ ጸሐፊነት ተቀጥረው ሥራ ሊጀምሩ ይመጣሉ። ወጣት ነበሩ። ግን ወጣትነታቸውን የሚያውቁት እሳቸውና እናታቸው ብቻ ነበሩ፤ ፀጉራቸው ያኔም ከፊት ሸሽቶ፣ የቀረውም ሸብቶ ነበር። የአሰላን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ቡልኮ ደርበዋል፤ ዱላ ይዘዋል። በዚያው ሳምንት ደግሞ የያኔው ሥራ አስኪያጅ ከባለቤታቸው ተጣልተው ቢሮ ውስጥ ያድሩ ነበር። ሰውዬው በመስኮት ብቅ ሲሉ ባለ ቡልኮ፣ ባለ ዱላ ሽማግሌ ግቢውን አቋርጦ ወደሳቸው ይመጣል። «በቃ፣ ሚስቴ ሽማግሌ ላከችብኝ» አሉ።

ጋሽ ሁሴኖ ገና «እንደምን አደሩ» ብለው ሳይጨርሱ ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «ይግቡ አባቴ፣ ይቀመጡ! ጥፋቱ የኔ ነው፤ እናቷን መናገር አልነበረብኝም!» አሏቸው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? «ይቅርታ፣ ተሳስተዋል፣ እኔ ታይፒስት ነኝ» አይደል? ጋሽ ሁሴኖ ቁጭ አሉ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ «እናቷን ምን ብለው ነው የተናገሯቸው?» ብለው ጠየቁ!

ሰውዬው ሁሉንም ዘረገፉ። ጋሽ ሁሴኖ ሰምተው ሲያበቁ፣ «መልካም። ቅዳሜ አብረን ቤትዎ እንሄዳለን። አሁን የጽሕፈት መኪናው የት እንዳለ ያሳዩኝ» አሉ። ቅዳሜም ሄዱ፣ ባልና ሚስቱም ታረቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ሁሴኖ እዚህ ግቢ ሁለት ሥራ አላቸው፤ አንዱን ብቻ ነው ዩኒየኑ የሚያውቀው።

አሁን ሰላምታቸውን ላንሣ። ሰላምታቸው ያልደረሰበት ሰው እዚህ አለ? የለም። ጠዋት እየሮጥኩ እገባለሁ፤ «ጋሼ፣ የሎዴ ወረዳን ስንዴ ፋይል ቶሎ ይክፈቱልኝ» እላለሁ።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና። ፋይሉን ጋሼ…»

«ልጆቹ?»

«ደህና ናቸው፤ ፋይሉን…»

«ከብቱስ?»

«ጋሼ፣ እኔ ከብት የለኝም!»

«ይኑርሽ!»

ሳቁ፣ ሳቁ፤ ሁላችሁም ላይ ደርሷል። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ኦዲተር «ከብትዎስ?» ሲባል ግራ ገብቶት «በባንክ ነው ያስቀመጥኩት» ብሏል።

ጊዜው ሲለወጥ የጽሕፈት መኪናው ቀርቶ ኮምፒውተር መጣ፤ ጋሽ ሁሴኖም ተምረው የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ሰላምታው ግን አልቀረም። ጠዋት እጃቸውን ይጠርጋሉ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ማብሪያውን ይጫናሉ፤ ስክሪኑ ሲበራ «አካም ቡልተ?» ይሉታል። እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣ መልእክት ሁሉ ለሳቸው በስማቸው የተላከ ይመስላቸዋል። ጮክ ብለው አንብበው፣ ወደ አማርኛ መልሰው፣ መልስ ይሰጡታል። «‹እርግጠኛ ነህ ወይ?› ይለኛል» ይላሉ፤ «እርግጠኛ አላህ ብቻ ነው፤ እኔ ግን እሺ ብያለሁ» ብለው ይጫኑታል።

ፍላሽስ! ከውጭ የመጣ ፍላሽ ሳይፈተሽ ማሽን ላይ የሰካ ሰው ጉዱ ነው። «ፍላሽ እንደ ጫማ ነው፤ በር ላይ ይወልቃል» ይላሉ። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሣህሌ፣ እዚሁ አሉ፣ ከቦርድ ስብሰባ በፊት ፍላሻቸውን ይዘው ሲሮጡ መጡ። «ቸኩያለሁ ጋሼ!» ቢሉ፣ «ቫይረሱም ቸኩሎ ነው የሚገባው፤ ይቀመጡ» ተባሉ። ተቀመጡ! ቦርዱ በሙሉ አዳራሽ ሆኖ ሲጠብቅ የኛ ሥራ አስኪያጅ እንደ ተማሪ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ፍላሻቸው ሲታይ ጠበቁ። አቶ ሣህሌ፣ አይሽኮርመሙ፤ ታሪክ ነው።

እሺ፣ አሁን ወዳለፈው ሰኔ ልምጣ። የመሥሪያ ቤታችን ልጆች፣ ነገሩን ስለማታውቁት አይደለም የምነግራችሁ። ወይዘሮ ዘይቱና፣ ባለቤታቸው፣ እዚህ አሉ፤ ጋሽ ሁሴኖ ለሳቸው ምን ብለው እንደነገሯቸው ጠይቄያቸው ነበር። «‹ማሽኑ ትንሽ አሞት ነበር፣ ተሻለው› አለኝ» አሉኝ። ትንሽ አሞት ነበር! ወይዘሮ ዘይቱና፣ ዛሬ እውነቱን ይስሙት።

ለእንግዶች አንድ ነገር ላስረዳ። ከኛ መጋዘን የሚወጣ የዘር ከረጢት ሁሉ መለያ ወረቀት ይሰፋበታል። የምን ዘር እንደሆነ፣ የት እንደተባዛ፣ ተፈትሾ ማለፉን የሚናገረው ያ ወረቀት ነው። ያለ እሱ አንድ ከረጢት ከግቢ አይወጣም። መለያውን የሚያትመው ደግሞ ድሮ አንድ የአሰላ ልጅ የሠራልን፣ ከኛ በቀር በዓለም ላይ ማንም የማያውቀው ትንሽ ፕሮግራም ነው።

በሰኔ መጀመሪያ የኮምፒውተሮቻችን ሲስተም አረጀ ተባለና አፕዴት እንዲደረግ ታዘዘ። ሲስተሙን ከሚያስገባልን ድርጅት ኖህ የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ፣ አስጀመረው፣ መኪና እንዳያመልጠው ብሎ እየሮጠ ሄደ። ቀኑ ሰኞ፣ ወሩ ሰኔ። ሰኔና ሰኞ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

እሱ እንደሄደ ስክሪኑ ላይ መልእክት ወጣ። ጋሽ ሁሴኖ እንደልማዳቸው ጮክ ብለው አነበቡልን። «‹አዲሱ ሲስተም የራሱን ጠባቂ ይዞ መጥቷል። ከዚህ በፊት የነበረውን አንቲቫይረስ ላስወጣው ወይ?› ይላል።»

 አንቲቫይረሱን እሳቸው «ዘበኛው» ነው የሚሉት። መነጽራቸውን አወለቁና ዞር ብለው አዩን።

«ይኼ ዘበኛ ስንት ዘመን በራችንን ጠብቋል?» አሉ። «አንድ ቀን አስነክቶናል? አዲስ ሰው መጣ ተብሎ የኖረ ሰው ውጣ ይባላል? ነውር ነው!»

እትዬ አሰፋሽ ከበሩ ላይ ሆና «እውነትዎን ነው! ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብላ አጸደቀችው። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ጋሽ ሁሴኖም «አይ፣ ይቆይ» ብለው ተጫኑ። እስቲ አሁን፣ በየትኛው አገር ነው ሰው ለአንቲቫይረስ ይሉኝታ ይዞት ሲስተሙን የሚያበላሸው? አርሲ ብቻ!

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሩ «አካም ቡልተ?» ቢባልም አልመልስ አለ። ምሳ ሊደርስ ሲል እየተንፏቀቀ ተከፈተ። ለካ ሁለቱ ዘበኞች ሲፈታተሹ ነው ያደሩት። አሮጌው አዲሱን «ሌባ!» ይለዋል፣ አዲሱ አሮጌውን «ሌባ!» ይለዋል። አንዱ የከፈተውን አንዱ ይዘጋል። በመጨረሻ የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌባው ያ የአሰላ ልጅ የሠራልን የመለያ ፕሮግራም ነው ብለው ተስማሙ። አሰሩት። «በጥርጣሬ ተይዟል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ፕሪንተሩ ዝም አለ።

ግቢው ውስጥ ደግሞ የአርቦዬ፣ የሁሩታ፣ የጢቾ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መኪኖች ቆመዋል። የጢቾዎቹን ይዛ የመጣችው ፋጡ ናት። ፋጡን የማያውቅ ካለ ድምፅዋን ሰምቶ ያውቃል፤ የገብስ አምራች ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፣ ስትናገር መጋዘኑ ያስተጋባል። መጥታ ፊቴ ቆመች።

«መቼ ነው የምንጭነው?»

«ፋጡዬ፣ ሲስተም የለም።»

«ልጄ፣ የኛ አገር ውርጭ ‹ሲስተም የለም› ብትዪው አይገባውም። ዝናቡ ጀምሯል፣ መሬቱ ታርሶ አፉን ከፍቷል። ገብሴ በዚህ ሳምንት ካልተዘራ ዘለላ ሲያወጣ ውርጩ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ የማጭደው ገለባ ነው።»

 እውነቷን ነው። የደጋ ገብስ ቀኑ ካለፈ አለፈ። እትዬ አሰፋሽ የመጋዘኑን ቁልፍ ቀበቶዋ ላይ እያንኳኳች «መለያ የሌለው ከረጢት ከኔ በር አይወጣም» ትላለች፤ እሷም ሕጉን ነው የያዘችው። ስልክ ደወልን። አንቲቫይረሱን የሸጠልን ድርጅት ውስጥ ትንቢት የምትባል ልጅ አነሣች። «የኛ ችግር አይደለም፤ ሲስተሙን ያስገባላችሁን ጠይቁ» አለች። ኖህ ጋ ደወልን። «የኛ ችግር አይደለም፤ አንቲቫይረሱን የሸጠላችሁን ጠይቁ» አለ። ትንቢት ጋ፣ ኖህ ጋ፣ ትንቢት ጋ፣ ኖህ ጋ። ቀኑ በዚህ አለቀ። ሹፌሮቹ መኪና ውስጥ አደሩ።

በማግስቱ አቶ ሣህሌም ቦርዱ እየደወለ ሲያጨናንቃቸው መጡና፣ «ሁለቱንም ዘበኛ አጥፏቸውና አትሙ!» አሉ።

ጋሽ ሁሴኖ ተነሥተው ቆሙ። «ልጄ፣» አሉ፣ «ይኼ ፕሮግራም በጥርጣሬ ተይዟል። ሳናጣራ በሩን ወለል አድርገን ብናትም፣ መለያው ላይ የሚወጣው ቃል የኛ ይሁን የሌላ በምን እናውቃለን? ገበሬው መጋዘናችንን አያይም፤ የሚያየው ያን ወረቀት ነው። አምኖ የሚዘራውም እሱን ነው።»

«ጋሼ፣ ጡረታዎ ደርሷል፤ ምን ያስጨንቅዎታል?»

«ስለደረሰ ነዋ!»

አቶ ሣህሌ አሰቡ፣ አሰቡና፣ «እስከ ነገ ምሳ። ከዚያ በኋላ አጠፋቸዋለሁ፤ አጥፊውንም ለቦርዱ አሳውቃለሁ» ብለው ወጡ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እሳቸውም ተጨንቀው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሁሴኖ የሠሩትን ነው እንግዲህ ለልጅ ልጆቼ የምነግረው። መጀመሪያ ከግቢው እርጥብ ሣር ነጭተው ገቡ። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀመጡ። «ስልክሽን አምጪ» አሉኝ። የኔን ስልክ አንዱ ወንበር ላይ፣ የሳቸውን ሌላው ወንበር ላይ። ሣሩን መካከል ላይ ጎዘጎዙ። እኔ ትንቢት ጋ ደወልኩ፣ እሳቸው ኖህ ጋ ደወሉ፤ ሁለቱንም ድምፃቸውን ከፍ አደረግነው። ሹፌሮቹ በመስኮት፣ ፋጡ በበር፣ እትዬ አሰፋሽ ከነቁልፏ፣ አቶ ሣህሌም ከኋላዋ፣ ሁሉም ቆመው ያያሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ አይደል የሚባለው?

ጋሽ ሁሴኖ ዱላቸውን ያዙና መረቁ። «ነጋ ሃ ታኡ!» ሰላም ይሁን ማለት ነው። በመስኮት ያሉት ሹፌሮች በሙሉ «ሃ ታኡ!» ብለው ሲመልሱ ትንቢት ደንግጣ «ሄሎ? ምንድን ነው? ሰላም ናችሁ?» አለች።

«ሰላም ነን ልጄ። እዚህ ሽምግልና ተቀምጠናል። አንቺም ተቀምጠሻል።»

«የት?»

«ወንበር ላይ። ፊት ለፊትሽ ኖህ አለ። መጀመሪያ ሰላም ተባባሉ።»

 ከዚያ ከሳቸው ስልክ ቀጭን ድምፅ «…ሰላም ትንቢት» አለ። ከኔ ስልክም «ሰላም ኖህ» ተባለ። ሁለቱም ሁለት ቀን ሙሉ እርስ በርስ ሲካሰሱ ለካ አንድም ጊዜ ተነጋግረው አያውቁም! አንዱ መገናኛ፣ አንዷ ገርጂ ሆነው፣ ክሱን ያመላለስነው እኛ ነን፣ ከአሰላ!

ጋሽ ሁሴኖ ደንቡን ተናገሩ። «አንዱ ሲናገር አንዱ አይገባም። የገባ በግ ይቀጣል።» ኖህ ተናገረ፤ የትንቢት አንቲቫይረስ ለአዲሱ ሲስተም አርጅቷል፣ አይስማማውም አለ። ትንቢት «ውሸት! አዲስ እትም አለን…» ብላ ስትገባ፣ ሹፌሮቹ በአንድ ድምፅ «በግ!» አሉባት። ተራዋ ሲደርስ ተናገረች፤ አዲሱ እትም አለ፣ ግን እንዲሠራ የሲስተሙ ጠባቂ መንገድ ይልቀቅለት፣ አሮጌውም ይውጣ አለች። «ታዲያ ለምን አልላካችሁም?» አለ ኖህ። «ማን ጠየቀን?» «ለምን አልነገርከንም?» «የኔ ሥራ አይደለም!» እንደገና ወደ ጭቅጭቁ።

ጋሽ ሁሴኖ እጃቸውን አነሡ። በሽምግልና ደንብ፣ ታውቃላችሁ፣ እርቅ የሚጀምረው አንዱ «እጄ አለበት» ሲል ነው።  ማን ይጀምር? ቢሮ ነው፣ ሥራ ነው፣ «እጄ አለበት» ያለ ሰው አለቃ አለበት። ሰዓቱ ወደ ምሳ እየሄደ ነው። ፋጡ በሩን ተደግፋ ሰማዩን ታያለች።

ጋሽ ሁሴኖ ዱላቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሽማግሌ ዱላውን ሲያስቀምጥ ሽማግሌነቱን ትቶ ባለጉዳይ ሆነ ማለት ነው። «እንግዲህ እኔ ልጀምር» አሉ። «ማሽኑ ጠይቆኝ ነበር። ‹አሮጌውን ላስወጣው?› ብሎኝ ነበር። ‹አይ› ብዬ የተጫንኩት እኔ ነኝ። ሁለቱን ያጋጨሁ እኔ ነኝ። እነዚህ መኪኖች የቆሙት በኔ እጅ ነው።»

ጋሼ፣ አሁን ጎንበስ አይበሉ፤ ቀና ብለው ይስሙኝ። አጥፊው ማን እንደሆነ፣ ራሳችንን ከነቀነቅነው ከኛ በቀር አንድ ሰው አያውቅም ነበር፤ እኛም አንናገርም። ኖህን ማለት ይቻል ነበር፤ ትንቢትን ማለት ይቻል ነበር፤ «ሲስተሙ ነው» ብሎ ማለፍም ይቻል ነበር፤ አገሩ ሁሉ የሚለው እሱን ነው። ለቦርዱ ስም ሊላክ እንደሆነ ደግሞ በደንብ ያውቃሉ። ዕድሜ ልክዎን ያለ ነቀፋ ሠርተው፣ መውጫው በር ላይ ቆመው፣ ስሙን በገዛ አፍዎ ሰጡት። እኔ አጠገብዎ ተቀምጬ ነበር፤ አይቻለሁ።

 ኖህ ከሳቸው ስልክ ውስጥ፣ «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም» አለ። «እንዲህ የሚል መልእክት ይመጣል፣ ‹አዎ› ይበሉ ብዬ መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ቸኮልኩ።» የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ይኸው። ከኔ ስልክ ደግሞ ትንቢት፣ «እኔም… አዲሱ እትም ከወጣ ቆይቷል። ለደንበኞች ደውዬ መንገር ነበረብኝ። ነገ፣ ነገ ስል ነው» አለች። ሹፌሮቹ አጨበጨቡ! እኔ እንባዬን ስጠርግ እትዬ አሰፋሽ «ቆይ አታልቅሺ፣ ገና አልታተመም» አለችኝ።

ከዚያማ ምን ቀረ? ቂም የሌለበት ሥራ እንደሆነ ይሮጣል። ትንቢት አዲሱን እትም ላከች፣ ኖህ ከዚያው ሆኖ ማሽናችን ውስጥ ገባ፣ አንዱ «ጨርሻለሁ፣ ቀጥይ» ሲል አንዷ «እሺ፣ አንተ ያንን ክፈትልኝ» ትላለች። የታሰረውን ፕሮግራማችንን አውጥተው ፈተሹት፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። «ይኼ የቤት ልጅ ነው፣ አትንኩት» ተብሎ ለጠባቂው ተነገረው። በመጨረሻ ያ መልእክት እንደገና ወጣ፤ አሮጌው ይውጣ ወይ? ጋሽ ሁሴኖ ጣታቸው ከቁልፉ ላይ ቆየ። «ገለቶሚ፣ እናመሰግናለን፤ ብዙ ጠብቀኸናል፣ አላህ ይስጥልን» አሉትና «አዎ»ን ተጫኑ።

እና ፕሪንተሩ! ያ ሁልጊዜ ሲጮህ የምሰድበው ፕሪንተር ጠጥጥጥጥ ሲል፣ ፋጡ እልልታውን ስትለቀው መጋዘኑ ውስጥ ያሉ ርግቦች በሙሉ ተነሡ። ምሳ አልበላንም። እትዬ አሰፋሽ መለያ ትሰፋለች፣ አቶ ሣህሌ ኮታቸውን አውልቀው ከረጢት ይሸከማሉ፣ አዎ፣ ሥራ አስኪያጁ! የጢቾ መኪና በዝናብ ውስጥ ሸራውን ለብሶ ወጣ።

ቦርዱስ? አቶ ሣህሌ፣ ይህን ሳላስፈቅድዎት ስለምናገር ይቅር ይበሉኝ። ቦርዱ ፊት ቀርበው የጋሽ ሁሴኖን ስም አልጠሩም። «በዘር ማከፋፈያ ወቅት አፕዴት እንዲደረግ ቀን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፤ እጄ አለበት» ነው ያሉት። እግዜር ይስጥልን። ይኸውና ከዚያ ወዲህ ቢሯችን ውስጥ በሽታው ተዛምቷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ብርጭቆ ተሰበረ፤ «እኔ ነኝ» ብሎ የተነሣው ሰው ብዛት! ብርጭቆው እኮ አንድ ነው።

የታረቀ ሰው ደግሞ አብሮ መብላት አለበት። ጋሽ ሁሴኖ ያኔ ስልኮቹን ከወንበር ሳያነሡ «አሰላ መጥታችሁ ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ» ብለው አስማሏቸው። ያውላችሁ፣ ኖህና ትንቢት፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በጉንም ትንቢት ናት ያመጣችው፤ ቅጣቷን አልረሳችም። ጎን ለጎን ለምን እንደተቀመጡ ግን አልናገርም። ሁለቱም ቀልተዋል፣ እለፉት።

ጋሼ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። ብዙ ሰው ሥራ ያስተምራል፤ እርስዎም አስተምረውኛል። ግን ሥራውን ከሌላም እማር ነበር። ስህተት ሲሠራ ፊትን ሳይሸፍኑ መቆም እንደሚቻል፣ ቆሞም ሰው ሰውነቱ እንደማይጎድል ያሳየኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ስለሱ አመሰግንዎታለሁ። ወይዘሮ ዘይቱና፣ እርስዎንም እናመሰግናለን፤ ማታ ማታ የኛን ጠብ ሲያስታርቁ አምሽተው የመጡትን ሰው «የት አመሸህ?» ሳይሉ እራት አቅርበዋል። ከሰኞ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ የእርስዎ ናቸው። ጠዋት ከብቱን መጠየቅ እንዳይረሱ ብቻ።

ጡረታዎ የጤና ይሁን። ጉልበትዎ መስጊድም ገበያም የሚያደርስዎት ይሁን። ልጅ ይጠይቅዎት፣ ጎረቤት ያክብርዎት፣ የተጣላ ሰው ደግሞ በልክ ይምጣብዎት፤ ጨርሶ ከቀረማ እንደሚታመሙ እናውቃለን።

እንግዲህ ብርዛችሁን አንሡ። ሁላችሁም፣ ሹፌሮችም! ጋሼ ግን ቆይ፣ እርስዎ ብርጭቆውን ያስቀምጡት። ፊትዎ ያለውን ዕቃ፣ ጮጮውን፣ ይክፈቱት። ዛሬ ጠዋት በጢቾ አውቶቡስ የመጣ ነው። ፋጡ ናት የላከችው። ከሰኔው ገብስ፣ እሷው ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ያሸችው ጩኮ ነው። ስልክ ደውላ ደግሞ ቃል አስይዛኛለች፤ እንዳለችው እነግርዎታለሁ።

«ለሁሴኖ ንገሪልኝ» አለች። «ውርጩ ሰሞኑን መጣ። ማሳዬን ዞረው፣ ዞረው፣ የሚያቃጥለው አጥቶ ሄደ። ገብሱ ቤት ገብቶ ነበር።»

ይቅመሱ ጋሼ። መጀመሪያ እርስዎ፤ ከዚያ ሁላችንም ለጤናዎ እንጠጣለን።